ያልተከፈተው ብልቃጥ

ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን መድፋት የጀመረችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረችም። «እጀ ወርቅ» ሲሏት ቀና ብላ፣ «እሱስ እውነታችሁን ነው» እያለች የምታስቅ ሴት ነበረች። አሁን የሚያዩዋት ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም፤ ሐፍረት ነው። እንዴት እንደመጣባት ልንገራችሁ።

ሥራዋ የአይጥ ፅንስ መቁረጥ ነው። ሲሰሙት ይከብዳል እንጂ እጅግ ረቂቅ ሥራ ነው። በአሥረኛው ቀን አንድ የአይጥ ፅንስ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። እሷ ያንን በማይክሮስኮፕ ሥር አጋድማ፣ ልክ እንደ ሽንኩርት ቀለበት፣ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ምላጭ ስስ ስስ አድርጋ ትቆርጠዋለች። ቁራጩ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ በሕይወት ይቆያል፤ ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው ፎቶ ያነሳዋል፤ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ፊልም ይሆናሉ።

በፊልሙ ላይ በአረንጓዴ ብርሃን የሚያበሩት የዘር ሕዋሳት ናቸው። ወደፊት እንቁላል ወይም የወንድ ዘር የሚሆኑት እነዚህ ሕዋሳት የሚፈጠሩት መኖሪያቸው ከሚሆነው ስፍራ ርቀው ነው። ከፅንሱ ጅራት በኩል ተነስተው አንጀት ውስጥ ይገባሉ፤ ከአንጀት ወጥተው ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ይጓዛሉ፤ መድረሻቸው ነገ የዘር እጢ የሚሆነው ቦታ ነው። ጉዞው ግን የብቻ ጉዞ አይደለም። በመንገዳቸው ዳርና ዳር ያሉት ሕዋሳት አንድ ንጥረ ነገር ያቀብሏቸዋል። ያንን እያገኙ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይኖራሉ። ካጡት ይፈዛሉ፤ መንገድ የሳቱትም ብዙ ሳይቆዩ ይሞታሉ።

ቆራጯ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ዲግሪ የላትም። እዚያ ላቦራቶሪ የገባችው በሃያ አምስት ዓመቷ፣ ዕቃ አጣቢ ሆና ነው። መስታወት እያጠበች በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ፣ አንድ አዛውንት ቆራጭ «ነይ፣ ቆመሽ አንገትሽን ከምታስረዝሚ ተቀምጠሽ ሞክሪ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። በሁለት ዓመት ውስጥ በለጠቻቸው። ኋላ ዓይናቸው ደክሞ ቁራጮቹ መወፈር ሲጀምሩ፣ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ለፕሮፌሰሩ ሄዶ የነገረው ማን ይመስላችኋል? እሷው ናት። «ለሥራው ብዬ ነው» አለች። አዛውንቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ወንበሩ የእሷ ሆነ። ፕሮፌሰሩም እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እሷ እያመለከቱ፣ «እኛ እናወራለን፣ እሳቸው ይሠራሉ» ይሉ ነበር።

አርባ ዘጠኝ ሲሞላት ፊደል ይዋኝባት ጀመር። ቀድሞ የነቃባት ባሏ ነው። ባሏ ሰዓት ሠሪ ስለሆነ በዓይን ነገር አይሸወድም። አንድ ቅዳሜ መርፌ ልትሰካ ክንዷን እስከ ጫፉ ዘርግታ አያት።

«ምነው፣ እጅሽ አጠረሽ እንዴ?» አላት እየሳቀ።

«ክሩ ነው የወፈረው።»

«ክሩ እንደ ድሮው ነው። ዓይንሽ ነው። እኔ ይኸው በመነጽር ላይ ማጉያ ደርቤ እውል የለ? ምን ነውር አለው?»

«አንተ ብትሳሳት አንድ ሰውዬ ቀጠሮ ይረፍድበታል። የእኔን ካወቁ ግን ወንበሬን ነው የሚወስዱት።»

ባሏ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ያ ተረት የተተረተው ለሌላ ሰው ነው ብላ ታስባለች። ደግሞስ በማይክሮስኮፕ ስታይ ምንም አልጎደለባትም፤ መሣሪያውን ለዓይኗ እንዲስማማ ታስተካክለዋለች፣ ምላጯም እንደ ወትሮው አይሳሳትም። ችግሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና ስትል ነው። የብልቃጥ ጽሑፍ ጉንዳን የሄደበት ይመስላታል። እሱን በክዳኑ ቀለም፣ በተቀመጠበት ቦታና በልማድ ትለየዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ማንም አላወቀባትም።

በሦስተኛው ዓመት ለዶክትሬቷ የምትሠራ አንዲት ተማሪ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ሳምንት ሳይሞላት «ጥያቄ» የሚል ስም ወጣላት። ምላጩ ለምን በዚህ በኩል ገባ? ፈሳሹ ለምን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሆነ? ትናንት የተደረገው ዛሬ ለምን አልተደገመም? ሌሎቹ ስትመጣ ባየኋት አላየኋት ብለው ሲሾልኩ ቆራጯ ወደደቻት። ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። ልጅቷ መጀመሪያ «እትዬ፣ እርስዎ» ትላት ነበር፤ ወር ሳይሞላ «እትዬ፣ አንቺ» አለቻት።

«ደፈርኩሽ እንዴ?» ብላ ደነገጠች ወዲያው። «እናቴንም አንቺ ነበር የምላት። አሁን የለችም።»

«እንኳን ደፈርሽኝ» አለቻት ቆራጯ፤ የራሷ ልጅ ስላልነበራት ቃሉ ሆዷ ድረስ ገባ።

ልጅቷ ይዛ የመጣችው ዋና ጥያቄ ይህ ነበር፦ የዘር ሕዋሳቱ ከአንጀት ወጥተው ጉዞውን ካጋመሱ በኋላም የጎረቤቶቻቸውን ድጋፍ ይፈልጋሉ ወይስ በራሳቸው ይችላሉ? ይህንን ለማወቅ ንጥረ ነገሩ ሕዋሳቱ ጋ እንዳይደርስ የሚያግድ መድኃኒት አለ፤ እነሱ በአጭሩ «ማገጃ» ይሉታል። በግማሾቹ ሳህኖች ላይ ማገጃ፣ በግማሾቹ ላይ ባዶ ፈሳሽ ይጨመራል። ፈሳሹ የሚጨመረው ቁራጩ እንደወጣ ስለሆነ ሥራው የቆራጯ ነው፤ ተማሪዋ በዚያን ሰዓት ጎን ባለው ክፍል ማይክሮስኮፑን ታሞቃለች፣ ታስተካክላለች።

አንድ ማገጃና ሁለት ባዶ ፈሳሽ በአንድ ዓይነት ብልቃጥ፣ በአንድ ዓይነት ነጭ ክዳን መጡ። የሚለያዩት በጽሑፉ መጨረሻ ባለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የማገጃው ሦስት፣ የባዶው ፈሳሽ ስምንት። ቆራጯ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አየቻቸው። ሁሉም ስምንት መሰሏት፤ ደግሞ ሁሉም ሦስት መሰሏት። ተማሪዋን ጠርታ «ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ማለት ብቻ ነበረባት። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በግራ ያለው ማገጃ፣ የመሃሉ ባዶው ፈሳሽ፣ በቀኝ ያለው ትርፍ ነው ብላ ለራሷ ወሰነች።

ስድስት ዙር ሠሩ። በስድስቱም ዙር ሕዋሳቱ ማገጃ በተጨመረበት ሳህን ላይም ሆነ ባዶው ላይ እኩል ተጓዙ። ጥያቄ ፊልሙን እያየች ከወንበሯ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች።

«እትዬ፣ አየሽ? ድጋፉን ከልክለናቸው እየሄዱ ነው! እስካሁን ሁሉም ሰው ያለ እሱ አይሆንም ሲል ነበር!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ይህ ያንቺ እጅ ሥራ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ፊልሙን ደጋግመው አዩ። ቀጥለው ፈገግ አሉ። በዚያው ሳምንት፣ ከየአገሩ ተመራማሪዎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ልጅቷ ውጤቷን እንድታቀርብ ጻፉላት።

ለጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው ቆራጯ የማቀዝቀዣውን ዕቃ ልትቆጥር ገባች። በወር በወር የምትሠራው ሥራ ነው። ከሳጥኑ አንድ ብልቃጥ አወጣች፤ ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ አልተነካም። ትርፉ ባዶ ፈሳሽ ነው ብላ ቁጥሩን ልትመዘግብ ፈለገች። ወደ መስኮቱ ወስዳ ክንዷን ዘርግታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ብልቃጡን እያሽከረከረች ብርሃኑ እስኪያርፍበት ጠበቀች። ቁጥሩ ሦስት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን፣ ተሠርቶባቸው ያለቁትን ሁለት ብልቃጦች አንድ በአንድ አወጣች። ሁለቱም ስምንት ናቸው።

ማገጃው አንድ ቀን እንኳ አልተከፈተም። በስድስቱም ዙር፣ በሁሉም ሳህን ላይ የጨመረችው ባዶውን ፈሳሽ ነው። ሕዋሳቱ እኩል የሄዱት ማንም ምንም ስላልከለከላቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ከሰው ልጅ አይጠፋም። ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ግን ዛሬም ስታስበው ፊቷ ፍም ይሆናል። በሩን ዘጋች። ማሸጊያውን በጥፍሯ ፈልቅቃ ቀደደች። መድኃኒቱን በእጅ መታጠቢያው ላይ አፈሰሰችው፤ ከሥሩ ጥቂት አስቀረች፣ የተሠራበት እንዲመስል። ካለቁት ሁለት ስምንቶች አንዱን፣ እንዳያጋልጣት፣ በጓንት ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለች። ውሃውን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ለቀቀችው። እጆቿን አየቻቸው፤ አልተንቀጠቀጡም። እሱ ራሱ አስጠላት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷን በር ድረስ ሸኘቻት። የኮቷ አንገት ታጥፎ ነበርና አቃናችላት። «አይዞሽ፣ ቀና ብለሽ ተናገሪ» አለቻት። በዚያች ደቂቃ እንኳ መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም።

ጥያቄ ከጉባኤው ብርሃን ለብሳ ተመለሰች። ሰዎች ተነስተው አጨብጭበውላታል፤ አንዲት የተከበሩ ሴት መጥተው እጇን ጨብጠዋታል። ለቆራጯ ከጉባኤው አንድ ሸራ ቦርሳ አምጥታላታለች። ቆራጯ ቦርሳውን ቤቷ ወስዳ ከቁምሳጥን ጀርባ ሸሸገችው።

አሁን አንድ መላ መጣላት፤ መላ ብላ የጠራችው ፍርሃቷን ነው። ተማሪዋ ጥናቱን ለመጻፍ ሦስት ዙር መድገም ነበረባት። አዲስ ማገጃ ሲመጣ ቆራጯ ቁጥሩን መስኮት ሥር ለብቻዋ አጣርታ፣ በሦስቱም ዙር ትክክለኛውን ጨመረች። ውጤቱ ራሱ ይስተካከላል፣ እኔን ሳይነካ እውነቱ ይወጣል ብላ ነው። እውነቱ ወጣ፣ ግን በልጅቷ ላይ ወጣ። ማገጃው ባለባቸው ሳህኖች ላይ ሕዋሳቱ ቀስ አሉ፣ ባሉበት ዞሩ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ብርሃናቸው ይጠፋ ጀመር።

ልጅቷ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችም።

በዚያው ሰሞን ከሌላ ላቦራቶሪ፣ «ያቀረባችሁትን ሞከርነው፣ አልሠራልንም» የሚል ደብዳቤ ለፕሮፌሰሩ መጣ። ፕሮፌሰሩ ሁለቱንም ጠሯቸው። የተማሪዋን የሥራ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በራሷ ጽሕፈት «ማገጃ ተጨመረ» ይላል።

«ከጉባኤው በፊት የሚሄድ፣ ከጉባኤው በኋላ የሚቆም ሕዋስ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ ፕሮፌሰሩ ልጅቷን እያዩ። ከዚያ ወደ ቆራጯ ዞሩ። «እርስዎ ነዎት የጨመሩት። ያኔ ምን ነበር የጨመሩት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች በልቧ። በአፏ ያለችው ግን ሌላ ነው።

«እንዳዘዘችኝ ነው የሠራሁት፣ ፕሮፌሰር።»

ውሸት አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ከውሸት የከፋ ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብልቃጡ ካልተሳሳተ፣ እጁ ካልተሳሳተ፣ የተፈበረከው ፊልሙ ነው ማለት ነው። ልጅቷ ከሥራ ታግዳ ጉዳይዋ በኮሚቴ እንዲታይ ተወሰነ። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ የቆራጯን እጅ ያዘችና፣ «እትዬ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ስለተናገርሽልኝ አመሰግናለሁ» አለቻት።

ምስጋናው ከጥፊ በላይ ጠዘጠዛት። በዚያን ቀን ምሳዋን ሳትከፍት ይዛው ተመለሰች። ስብሰባ አለብኝ ብላ ከሥራ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገባች። ባሏ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አንድ የግድግዳ ሰዓት ፈቷል።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።» ቆማ ነገረችው። ፊደል መዋኘቱን፣ ሦስትና ስምንቱን፣ ማፍሰሷን፣ የኮቱን አንገት፣ «እንዳዘዘችኝ ነው» ማለቷን። አንዱንም አልዘለለችም። ሲያልቅ፣ «እስቲ አንድ ነገር በለኝ» አለችው።

ባሏ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ምን ልበልሽ? ይቅር እንዳልልሽ እኔን አልበደልሽኝ። በደልሽ ያለው እዚያ ነው።» መነጽሩን መልሶ እያደረገ ጨመረ፦ «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እሱ እንኳ አልፎሻል። ደርቋል። ቢሆንም ሂጂ።»

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩሽ ይሆናል። ልጅቷን ግን ያለ ጥርጥር እያባረሯት ነው።»

በማግስቱ ጧት ልጅቷ ከመሳቢያዋ ዕቃዋን ልትለቅም መጥታ ነበር። ቆራጯ፣ «ፕሮፌሰሩ ጋ አብረሽኝ ግቢ፤ አንቺ በሌለሽበት አልናገረውም» አለቻት። ገቡ። ቆራጯ ይቀመጡ ሲሏት አልተቀመጠችም። ለባሏ እንደተናገረችው ነገረቻቸው፤ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ለራሷ ሳታደላ።

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ብልቃጥ መሳሳት በማንም ይደርሳል። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ግን ማፍሰስ? መደበቅ? ይህቺ ልጅ እዚህ ጋ ቆማ ስትለበለብ ዝም ማለት?» አሉ። «ከሃያ ዓመት በላይ ከዓይኔ ይልቅ የእርስዎን እጅ ነው ያመንኩት።»

ቆራጯ ዓይኗን ከምንጣፉ ላይ አላነሳችም።

ልጅቷ ግን ጥያቄ ነበራት። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ተረጋግቶ መጣ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

ያወቁት አለቻት። ቆራጯ ቃሉን ሰማችው፤ በሁለት ፊደል ብቻ እናትነቷ ተነጠቀ።

«ለጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው።»

«ስለዚህ ሲሸኙኝ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ልጅቷ ሌላ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ፕሮፌሰሩ በዚያው ሳምንት ለጉባኤው አዘጋጆችና ለዚያ ላቦራቶሪ ጻፉ፤ ውጤቱ ስሕተት እንደነበር፣ ጥፋቱም የተማሪዋ እንዳልሆነ። ኮሚቴው ልጅቷን ነጻ አደረጋት። የቆራጯን ጉዳይ ሲያይ ሁለት ወር ቆየና፣ እንድትቆይ፣ ነገር ግን ደመወዟ እንዲቀነስና ማንኛውንም ፈሳሽ ብቻዋን እንዳትነካ ወሰነ። መነጽር ገዛች። ያን ቀን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዳ እነዚያን አዛውንት ጠየቀች፤ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት አልፏቸዋል። አድራሻቸውን የሚያውቅ አልተገኘም።

በሕንፃው ውስጥ ወሬው ሁሉም ጋ ደርሷል። ፊት ለፊት የሰደባት አልነበረም፤ ከስድብ ይልቅ የከበዳት ስትገባ ወሬው የሚቋረጠው ነገር ነው። ምሳዋን ደረጃው ላይ ብቻዋን ትበላለች። የሸራ ቦርሳውን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አውጥታ ልትጥለው ፈለገች፤ መጣሉ እንደ መሸሽ ሆነባት። መያዝም አልቻለችም። እዚያው መለሰችው።

ተማሪዋ ለአራት ወር ከሌላ ቆራጭ ጋር ሠራች። አዲሱ ቆራጭ ትጉ ነው፤ ቁራጮቹ ግን ወፍራም እየሆኑ ፊልሙ ይደበዝዝ ነበር። አንድ ሰኞ ጧት ቆራጯ ጠረጴዛዋ ላይ አጭር ወረቀት አገኘች። «ረቡዕ አሥር ፅንስ አለ። ሌላ የሚችል ሰው የለም። ይቆርጡልኛል?» ይላል። ሰላምታም ስምም የለበትም። ከታቹ «እሺ» ብላ ጻፈችበት፤ ሌላ ቃል ብትጨምር ይቅርታ መለመን ይሆንባታል ብላ ፈራች። ይቅርታውንማ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ለምናለች። ሁለቱንም ጊዜ ልጅቷ «ሰምቻለሁ» ብቻ ነበር ያለችው።

ረቡዕ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቷ ብልቃጡን አንስታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «ማገጃ። ሦስት።»

ቆራጯ መነጽሯን አስተካክላ ራሷ አየችው። «ሦስት» አለች።

ምላጩን አነሳች። አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሕዋሳቱ በአንጀቱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። በአራተኛው ላይ እጇ ቆመ። ቁራጩ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ እሷ ብቻ ምላጩ በትንሹ ሲንሸራተት ተሰምቷታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«ይኸኛው ተበላሽቷል» አለች፤ ጆሮዋ ድረስ እየቀላች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አትቁጠሪው።»

ልጅቷ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም እንከን አላገኘችበትም። ያም ሆኖ ሳህኑን አንስታ ወደ ጎን አደረገችው፤ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ቀጣዩን ፅንስ አቀበለቻት።